የዚያች ቮልስ ቀለም ምን ነበር?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ ሮልስ ሮይስ አልቀረበላቸውም። ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸው ጽሑፍ ከተነበበላቸው በኋላ ደጅ ላይ የጠበቀቻቸው አንዲት ቮልስዋገን ናት። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸውም እሷው ናት። ከንግሥተ ሳባ ይመዘዛል ሲባል የኖረ ሥርወ መንግሥት በሁለት በር መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አበቃ።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም። ግን አንድ ተራ ጥያቄ ልጠይቅ። የመኪናዋ ቀለም ምን ነበር? ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ አረንጓዴ አድርጎ ጽፏታል። ሌሎች ጸሐፊዎች ሰማያዊ ይሏታል። ሽማግሌ ብትጠይቁ ሦስተኛ ቀለም ልትሰሙ ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ ይህ የአክሱም ዘመን ነገር አይደለም። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ቡና ይጠጣሉ።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዘጋው ተጨማሪ መጽሐፍ አይደለም፤ ቀለሟ ሳይነካ የቆየች መኪና ናት። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ስለ አሮጌ መኪና፣ ያውም ስለታደሰ ሳይሆን ስላልታደሰ አሮጌ መኪና። በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በእኛም በጎጆ፣ ሸራ ለብሰው ወይም ዶሮ እያሳደሩ በየግቢው የቆሙ አሉ። ባለቤቶቻቸው እያረጁ ነው። ልጆች ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። ወይ ለቁራጭ ብረት መሸጥ፣ ወይ "እንደ አዲስ" ማስደረግ። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ግን እሱን ለማየት ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች "መስል ካር" የሚሉት የመኪና ዘር አለ። ጡንቻማ መኪና እንበለው። ብዙ ሰው መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው በፈረንጆቹ 1964 የወጣውን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ትወስዳለህ፣ ኮፋኖው ሥር 6.4 ሊትር የሚሆን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ትከታለህ፣ ዋጋውን ደሞዝተኛ ወጣት በሚደርስበት ልክ ታደርጋለህ። ነዳጅ እንደ ውኃ ርካሽ በነበረበት አገርና ዘመን ይህ እብደት ሠራ። ግን አሥር ዓመት አልዘለቀም። መጀመሪያ የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፤ ቀጥሎ የጭስ ሕግ መጣ፤ በጥቅምት 1973 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጨረሰው።

ያው ማዕቀብ እኛም ዘንድ ደረሰ። የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረና የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የዚያን ጊዜ ታክሲ ፊያት ሰይቼንቶ ነበር፤ ሞተሩ የጂቲኦው ሞተር አንድ አሥረኛ ገደማ። ትልቁን የአሜሪካ ሞተር የገደለው የነዳጅ ዋጋ ትንሹን ሰይቼንቶ አደባባይ አስወጣ። መምህራኑም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ ሰባት ወር ሳይሞላ ንጉሡ ቮልስ ውስጥ ገቡ። የየካቲት 66ን ታሪክ ስንጽፍ ፓርቲዎቹን እንቆጥራለን፣ መፈክሮቹን እንቆጥራለን። ሰይቼንቶን ግን ማን አስቀመጠልን?

በዚያው በፈረንጆቹ 1974 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ፎርድ ሙስታንግ በ6,000 ዶላር ገደማ ገዛ። መኪናው ዝም ብሎ መኪና አልነበረም። በ1968 በወጣው "ቡሊት" ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን የነዳው ነው። ቤተሰቡ ግን ሙዚየም አላደረገውም። እናትየው አስተማሪ ስለነበሩ ትምህርት ቤት ይሄዱበት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ መኪናውን መልሶ ለመግዛት ደብዳቤ ጻፈ፤ አልሸጡለትም። በ1980 ፍሪሲዮኑ ተቃጠለና ቆመ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አልታደሰም፣ አልተቀባም፣ አልተሸጠም።

በ2018 ለሕዝብ ሲወጣ ዝገቱም፣ ጭረቱም፣ የደበዘዘው አረንጓዴ ቀለምም እንዳለ ነበር። እውነተኛው መሆኑን ካረጋገጡት ምልክቶች አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? ለቀረጻ ሲባል ካሜራ ለመያዝ ከሥሩ የተበየዱ ብረቶች! ቤተሰቡ በ1980ዎቹ ወደ አንድ ጥሩ ጋራዥ ወስዶት ቢሆን ኖሮ መካኒኩ መጀመሪያ የሚያነሳው እነዚያን ጥቅም የለሽ ቁርጥራጮች ነበር። መኪናው በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) በጨረታ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተመታ። የዚህ ዓይነት ሰብሳቢዎች ሁልጊዜ የሚደጋግሙት አንድ ነገር አላቸው። መኪና አሥር ጊዜ ሊታደስ ይችላል፤ ፋብሪካ እንደሠራው መሆን የሚችለው ግን አንዴ ነው ይላሉ።

በገንዘቡ አትደንግጡ፤ ስለ ገንዘብ አይደለም የማወራው። የእኛ ቮልስ ሚሊዮን ዶላር አታወጣም። የምለው ጭረቱና ብየዳው ማስረጃ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሙስታንጉ በጨረታ የተሸጠው በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት 2012፣ የእኛ ፓርላማ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ታክስ ከራሱ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዱ አገር አሮጌ መኪናን በወርቅ ሲመዝን ሌላው አገር በር ዘጋበት። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ወሰነ። እነዚህን ውሳኔዎች ልከራከርባቸው አልመጣሁም፤ የነዳጅ ወጪው ምን ያህል ዶላር እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። ውጤቱ ግን አንድ ነው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና የመጨረሻው ሆነ። ከእንግዲህ የሚጎድል እንጂ የሚጨመር የለም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን መኪኖቹን ያቆየልን ፍቅር አይመስለኝም። አንዳንዱ ሰው "ኢትዮጵያዊ ቮልስ ይወዳል" እያለ ሲጽፍ ሳቄ ይመጣል። አዎ፣ ይወዳል፤ ሌላ መግዛት ስላልቻለ ነው የወደደው! ቀረጡ ከባድ፣ ደሞዙ ቀላል፣ አዲስ መኪና የሰማይ ያህል ሩቅ። እንግዲህ የአባትህን ቮልስ በብየዳና በጸሎት ታቆያታለህ። ከዓመታት በኋላ ፈረንጅ መጥቶ ፎቶ ያነሳትና "ክላሲክ" ይልሃል። አንተ ክላሲክ መሆኗን ያወቅከው ያን ቀን ነው።

ምዕራብ ሸዋ ከመንኮራኩር ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ባሰቧት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ያስጠረጉት መንገድ ከአገሪቱ ቀደምት የሠረገላ መንገዶች አንዱ ነው። በ1890ዎቹ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ከጅቡቲ በኩል በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡም "የሰርኪስ ባቡር" አለው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ሲዘረጋ ዓላማው ወታደርና ጭነት ማመላለስ ነበር፤ መኪናውም ትሬንታ ኳትሮ ነው። ስሙ የጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ነው፤ ከፊያት 634 መጨረሻ የተወሰደ። ከነጻነት በኋላ ተራው የ682 ኤን 3 ሆነ፤ እኛ በአጭሩ ኤንትሬ የምንለው። የዚህ መንገድ ልጅ የሆነ ሰው የኤንትሬን ድምፅ ከሩቅ ይለየዋል። ዳገት ላይ ሲያቃስት እረኛው ከብቱን አስወግዶ፣ ጠጅ ቤት ያለው ሰው ጨዋታውን አቁሞ ይጠብቀው ነበር።

ጣሊያን መኪና ብቻ አይደለም የተወልን፤ ቋንቋም ተወልን። ጋራዥ ገብታችሁ አዳምጡ። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ ታርጋው ታርጋ፣ የዓመቱ ፈቃድ ቦሎ፣ የባለቤትነት ደብተሩ ሊብሬ። ሙሶሊኒ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። የጀርመንን ቮልስ በጣሊያንኛ ስም እየጠራ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተጨቃጨቀ የሚፈታ መካኒክ ምን ያህል ታሪክ በእጁ እንደያዘ አስቡት። የቋንቋ ምሁር ቢሆን በዚህ ብቻ መጽሐፍ ይጽፍበት ነበር።

ሌላም ምስክር አለ። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በመንገድ ግራ በኩል ትነዳ ነበር። ወደ ቀኝ የዞረችው በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ነው። እንግዲህ መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ መኪና ግቢ ውስጥ ብታገኙ "የተበላሸች" ብላችሁ መሪዋን ለማዞር አትቸኩሉ። የዚያ ዘመን ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ቮልስ እኛ ደጋ ላይ ለምን እንደኖረች ቴክኒካዊ ምክንያት አላት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የለም፣ የሚፈላ ውኃ የለም፣ የሚፈነዳ ቱቦ የለም። ክብደቱ የሚነዳው ጎማ ላይ ስላረፈ ጭቃ ላይ ከብዙ መኪና ትሻላለች። ሞተሩ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው፤ ሁለት ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ሊያወርደው ይችላል። የ1200 ሲሲዋ ጉልበት 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ከጊንጪ ተገንጥላችሁ ወደ ጎጆ ደጋ ስትወጡ ግን አየሩ ይሳሳል፤ ከአዲስ አበባም በላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ቮልሷ ጎጆ የምትደርሰው በ25 ፈረስ ገደማ ነው። ጋሪ የሚጎትቱትን የአምቦ ፈረሶች ሃያ አምስቱን ሰብስቡና አስቡት፤ ለአራት ሰውና ለአንድ ከረጢት ድንች ይበቃል።

ድክመቷንም አልደብቅም። የዘይት ማጣሪያዋ ወንፊት ብቻ ነው፣ እውነተኛ ፊልትሮ የላትም፤ ሁለት ሊትር ተኩሉን ዘይት ቶሎ ቶሎ ካልቀየርክላት ትሞታለች። የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ ነው፤ ከተበጠሰ "እስከ ሆለታ ልድረስ" ማለት የለም፣ እዚያው ቁም። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ሲፈስ ወለሉን ይበላዋል። የእሳት አደጋዋ ደግሞ የታወቀ ነው። የቤንዚን ጎማ ቱቦው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የሚያንጠባጥበው ሞተሩ ላይ ነው። እኛ አገር ቤንዚን ከኢታኖል ጋር መደባለቅ ከተጀመረ ወዲህ አሮጌ ቱቦ ላይ እምነት መጣል ይቅር።

ጊንጪ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። ቮልሳቸውን የገዙት በደርግ ጊዜ ነው፣ ከሌላ ሰው እጅ። የሾፌሩ በር ጠርዝ ክንዳቸው ያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ያበራል። ከኋላ ወለሏ ዝጎ ሲቀደድ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የደፈነላቸው መካኒክ የተጠቀመው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። አጎንብሳችሁ ከሥር ብታዩ በቆርቆሮው ላይ የታተመው የአሜሪካ ስም ዛሬም ይነበባል። የጀርመን መኪና፣ የአሜሪካ የርሃብ ጊዜ ቆርቆሮ፣ የጊንጪ ብየዳ። እኔ ከዚህ የበለጠ የ1977 ዓ.ም. ሐውልት አላየሁም።

አንድ ቀን እዚያው እያለሁ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ገዢ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፣ ገንዘቡም ደህና ነው።

"ጋሼ፣ ይሽጡልኝ። ቦዲዋን ላሜራ አስቀይሬ፣ ቀይ ቀለም አስቀብቼ፣ ሰፊ ቸርኬ አስገብቼ እንደ አዲስ ነው የማደርጋት። ለሠርግ ትከራያለች።"

"እንደ አዲስ?"

"አዎ ጋሼ። ሲያዩዋት አያውቋትም።"

"እኔ የማላውቃትን መኪና አንተ ምን ልታደርጋት ነው ታዲያ?"

ሳቅን። ሽያጩ ግን ቀረ። ልጁ ክፉ አላሰበም። ከብዙዎቻችን የሚለየው በግልጽ መናገሩ ብቻ ነው። "ማደስ" ስንል የምናስበው ማስረሳትን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲደበዝዝ ሰዓሊ ጠርተን በላዩ ላይ በአንጸባራቂ ቀለም እናስደግመዋለን፤ ምዕመኑ ደስ ይለዋል፣ የሁለት መቶ ዓመቱ ሰዓሊ ግን ሁለተኛ ይሞታል። በመኪናም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

"ታዲያ ጎጆስ?" የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። የከተማችን ስም በአማርኛ ጆሮ ቤትም ነው፤ ጎጆ ቤት ደግሞ ክዳኑ ካልታደሰ ይፈርሳል። በየጥቂት ዓመቱ ሣሩ ይወርዳል፣ አዲስ ሣር ይወጣል፣ ማንም ሰው "ይህ የአያቴ ቤት አይደለም" አይልም። ነገር ግን ክዳን ስናድስ ምሰሶውን አንነቅልም። ግድግዳው ላይ ጢስ የጠገበውን እንጨት ፍቀን ነጭ አናደርገውም። ስለዚህ ጥያቄው "ይታደስ ወይስ አይታደስ" አይደለም። የመኪና ሣሩ የቱ ነው፣ ምሰሶውስ የቱ ነው?

በእኔ ግምት ሣሩ እያለቀ የሚቀየረው ሁሉ ነው። የፍሬን ጎማና ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የመኪና ጎማ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ። እዚህ ላይ "ኦሪጂናሉ ይቆይ" የሚል ሰው ታሪክ አላስቀመጠም፤ ሰው ሊገድል ነው። በአሜሪካ ያሉት በጣም ጠንቃቃ ሰብሳቢዎችም ፍሬንና ጎማ ይቀይራሉ። ምሰሶው ደግሞ ቦዲው፣ ቀለሙ፣ መስታወቱ፣ የወንበሩ ልብስ፣ ዳሽቦርዱ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ አሮጌው ታርጋ ነው። የቮልስን ዕድሜ ለማወቅ እኮ አንዳንድ ጊዜ የኋላ መስታወቷ ብቻ ይበቃል። እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል ቅርጽ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ። "እይታ ይጠባል" ብሎ መስታወቱን ያሰፋ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቷን ነው የቀደደው።

ግቢው ውስጥ አንዲት ያለችው ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ወጪ የለውም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ከማንም በፊት የምታስወጡት ውኃን ነው። መኪናዋን ከመሬት እርጥበት አርቁ፤ በላስቲክ አትሸፍኑ፣ ላስቲክ ላብ ይይዛል፣ አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሻላል። ባትሪውን ፈታችሁ አውጡ፤ የቆመበትን ቦታ ውኃና ቢካርቦኔት ቀላቅላችሁ እጠቡት፣ ከዚያ አድርቁት። ረዥም ጊዜ የምትቆም ከሆነ ክብደቷን ከጎማው ላይ አንሱ። በካርቡሬተሩ ውስጥ አሮጌ ቤንዚን አይደር።

በየእሑዱ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት የሚባል ልማድ አለ፤ ብዙ ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል። ይጎዳታል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውስጡ ውኃ ያቁራል፣ ዘይቱና ማርሚታው ላይ ይሠራል። ካስነሳችሁ ንዱት፣ ጊንጪ ደርሳችሁ ተመለሱ። ካልቻላችሁ ተዉት።

ቀለም ላይ ብርጭቆ ወረቀት አታሳርፉ። ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ ውኃ፣ ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም ይበቃል። ማንጸባረቅ የለበትም። ዝገት ያለበትን ቦታ አቁሙት እንጂ አትደብቁት። ልል የሆነውን በብሩሽ አራግፉ፣ ዘይት ወይም ፀረ ዝገት አስነኩት፣ እዚያው ተዉት። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ዝገቱን ማጥፋት አይደለም፤ በሰላም እንዲበላ መጋረጃ ማበጀት ነው። ምርጥ የተባለ ቦዲ ሠራተኛ ከሁለት ክረምት በኋላ ለምን እንደሚያስወቅስ አሁን ገባችሁ?

የተፈታ ዕቃ አይጣል፣ የተቃጠለም ቢሆን። ሳጥን አዘጋጁ፣ ከየት እንደወጣና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተፈታ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እሰሩበት። ይህን የምለው ለሙዚየም ብቻ ብዬ አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሠርታለች። ዕቃ አሁንም ይሠራላታል። ግን ዛሬ የሚሠራው ሁሉ የድሮው ልክ አይደለም። አሮጌው ዕቃ መለኪያ ነው፤ መካኒኩ አዲሱን በእሱ ያስተያየዋል።

መካኒክ ካልኩ አይቀር፣ ከመኪናው ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። የቮልስን ቫልቭ በእጅ ስሜት የሚያስተካክል፣ የኤንትሬን ፖምፓ በድምፅ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ጥርሱ አልቋል። ልጆቹ ባጃጅ ይሠራሉ ወይም ኮምፒውተር ሰክተው ኮድ ያነባሉ። አልወቅሳቸውም፤ እንጀራው እዚያ ነው። ነገር ግን የእነዚህን ሰዎች ሥራ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ስንት ብር ይፈጃል? የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ ሲል ስሰማ ይገርመኛል። ከግቢው በር ወጥቶ ማንኛውንም ጎሚስታ "እዚህ ከተማ ካሚዮን የሚሠሩ የድሮ ሰዎች እነማን ናቸው?" ብሎ ቢጠይቅ የአንድ ዓመት ሥራ ያገኛል።

ድህነትን ቅርስ አድርገህ ልትሸጥልን ነው የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። አንድ ሰው በአሮጌ መኪና ልጆቹን የሚያበላ ከሆነ እንዳሻው ያድርጋት፤ ቀይ ይቀባት፣ ሞተሯን ይቀይር፣ ለሠርግ ያከራያት። የምጠይቀው ከመቶው ለአንዷ ነው። በቅርብ ዓመታት የቤተ መንግሥቱ መኪኖች ለሕዝብ መታየታቸው መልካም ነው፤ የንጉሥ መኪና ግን ድሮም ጠባቂ ነበረው። የመምህሩ ቮልስ፣ የነጋዴው ኤንትሬ፣ የታክሲ ነጂው ሰይቼንቶ ጠባቂ የላቸውም።

እስከዚያው ድረስ በቀላሉ የሚሠራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአባታችሁን ሊብሬ አውጡ። በውስጡ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና ቀለም ተጽፏል፤ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሂዱና ሊብሬው የሚለውን ከምታዩት ጋር አስተያዩ። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ሦስት ባለቤት ሦስት ጊዜ ቀብቷታልና። የፋብሪካውን ቀለም ለማግኘት የበሩን ጎማ በቀስታ ገለጥ አድርጉ፤ የፊት ኮፋኖውን ከፍታችሁ ከሳልባትዮው ጎን እዩ፤ የኋላ ወንበሩን አንሥታችሁ ከባትሪው ራቅ ካለው ጥግ አቧራውን ጥረጉ። የቀለም ቀቢው ብሩሽ እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር።